ከነላስቲኩ የተተከለ ጥድ

ዛሬም ከደብረ ታቦር ወደ ገሳይ በሚወስደው መንገድ ባለፍኩ ቁጥር ፊቴን ወደ ግራ አላዞርም። እዚያ፣ ከመንገዱ ዳር ባለው ድንጋያማ ተዳፋት ላይ፣ የተማሪዎቼ ልፋት ተቀብሯል። "ያለፈ ነገር ነው፣ ተይው" የሚሉኝ አሉ። አልተውም።

ነገሩ የሆነው ፕላዝማ የሚባለው ቴሌቪዥን በየክፍሉ በገባበት ዘመን ነው። እኔ የባዮሎጂ አስተማሪ ነበርኩ፤ በዚያን ጊዜ ግን አስተማሪ ማለት ቴሌቪዥኑን ከፍቶ ጥግ ይዞ የሚቆም ሰው ማለት ነበር። የስክሪኑ መምህር በእንግሊዝኛ ይንጣጣል። ልጆቹ አንዱን ቃል ጽፈው ቀና ሳይሉ እሱ ሌላ ምዕራፍ ላይ ነው። ይጠይቃል፣ ጥቂት ዝም ይላል፣ ከዚያ "በጣም ጥሩ!" ብሎ ያልፋል። ማን መለሰለትና ነው በጣም ጥሩ የሚለው?

አንድ ቀን ትምህርቱ ስለ ደሴቶች ሆነ። በውቅያኖስ መካከል የሚኖሩ ልጆች ከክፍል ወጥተው የባሕሩን ዳርቻ ሲለኩ፣ አፈሩ እንዳይታጠብ ዛፍ ሲተክሉ፣ የተማሩትን ሳይንስ ለደሴታቸው ሲያውሉት ያሳያል። ደወሉ ሲደወል ከፊት የምትቀመጥ አንዲት ተማሪ ተነሣች። ጉና ሥር ገብስ ከሚያርስ ቤት የመጣች፣ ዝም ማለት የማትወድ ልጅ ናት።

"ቲቸር፣ እኛ ባሕርም ደሴትም የለን። ታዲያ ይኼ ለእኛ ምናችን ነው?" አለችኝ።

ሁሉንም ኑ ብዬ ወደ ውጭ አወጣኋቸው። ከግቢያችን ማዶ፣ ኮረብታው ላይ፣ የደብሩ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ዙሪያውን ጥድ፣ ወይራና ኮሶ ከቦታል። ከአጥሩ ውጭ ግን ዓይን እስካየ ድረስ የታረሰ መሬት ነው፤ አንዲት ዛፍ የለችበትም።

"ያውላችሁ ደሴት" አልኳቸው። "ባሕሩ እርሻው ነው። ከሥር ያለውን ምንጭ የያዘላችሁ ያ ደን ነው፤ እሱ ሲሳሳ ምንጩም ይሄዳል።"

ሁሉም ከዚያ ምንጭ ነው የሚጠጡት። በየበጋው እየቀጠነ መሄዱን ከእኔ በላይ ያውቁ ነበር።

በሳምንቱ አስከትያቸው ወደ ደብሩ አስተዳዳሪ ሄድኩ። አባ ቀጠን ያሉ፣ ሲቀልዱ እንኳ ፊታቸው የማይፈታ ቄስ ናቸው። ከምንጩ በላይ፣ ከደኑ አጥር ጋር የተያያዘች፣ ጦም ያደረች የቤተ ክርስቲያን መሬት ነበረች። ደኑን በእሷ በኩል እናስፋው አልናቸው።

"ሰበካ ጉባኤው ባሕር ዛፍ ሊያስገባባት ነው" አሉ። "ጣሪያው ያፈሳል፤ ባሕር ዛፍ ደግሞ ቶሎ ይሸጣል።"

"አባ፣ ባሕር ዛፉ እኮ ምንጩን ይጠጣዋል።"

"ማን ነው ያለ?"

ልጅቱ ቀደመችኝ። "እኛ ነን!"

አባ እሷን ትኩር ብለው አዩዋትና፣ "እንግዲያው ከደኑ ዘር ለቅማችሁ ራሳችሁ አብቅሉ። የከርሞ ክረምት መሬቷ ላይ ቆሞ ካየሁት ሰበካውን እኔ እመክተዋለሁ። ካላየሁ ግን የምለው የለኝም" አሉ። የደኑንም በር ከፈቱልን።

አቤት፣ እንዴት ያለ ዓመት ነበር! ከደኑ ጥላ ሥር የችግኝ መደብ ሠራን። የወይራው ፍሬ አልበቅል ሲላቸው ቅርፊቱን በድንጋይ ሰንጠቅ አድርገው ሞከሩት፤ በቀለላቸው። ጥዱን ግማሹን ጥላ ውስጥ፣ ግማሹን ፀሐይ ላይ አድርገው አስተያዩት፤ ውርጭ የቱን እንደሚያጠቃ እነሱ ነገሩኝ። ችግኙ በጥቁር ላስቲክ ውስጥ እያደገ ሲመጣ አንዱን ቀድደን ሥሩን አየነው። ላስቲኩ ካልወጣለት ዞሮ ዞሮ ራሱን እንደሚያንቅ በዓይናቸው አረጋገጡ። ይኼ ሁሉ በአማርኛ ነው። ፕላዝማው ፊት ትንፍሽ የማይሉ ልጆች እዚያ አፋቸው አያርፍም ነበር።

ርእሰ መምህራችን አንድም ቀን መጥቶ አላየንም። ሰኔ መጨረሻ ላይ ግን ከላይ እንግዶች ይመጣሉ ተባለና ፈለገኝ። የችግኝ ተከላ ቀን ነው፤ ካሜራም አለ። ከችግኝ ጣቢያ የተጫነው መኪና ደግሞ ጭቃ ይዞት መንገድ ላይ ቀርቷል።

"የአንቺ ተማሪዎች ያፈሉት አለ አይደል? እሱ ይተከል" አለኝ።

"የእሱ ቦታ ከምንጩ በላይ ነው እኮ!"

"እዚያማ መኪና አይገባም። እንግዶቹ ጭቃ እያቦኩ ዳገት ሊወጡልሽ ነው? መንገድ ዳር ይሁን።"

ኧረ ድንጋይ ነው፣ ኧረ ውርጩ ይፈጀዋል፣ ኧረ ለአባ ቃል አለብን ብዬ ለመንኩ፣ ተቆጣሁ። "ለአንድ ቀን ነው፤ ሲሄዱ ነቅለሽ ውሰጂው" አለና ጀርባውን ሰጠኝ። ችግኙን በሙሉ በአህያ አስጭነው ወሰዱት።

እንግዶቹ መጡ። ለችግኝ ተከላ ነጭ ጫማ አድርጎ የመጣም ነበረባቸው፣ ጉድ እኮ ነው! ልጆቹ ተሰልፈው ያቀብላሉ። ልጅቱ እንደለመደችው ላስቲኩን መቅደድ ስትጀምር ርእሰ መምህሩ እጇን ያዛት።

"ከነላስቲኩ! አፈሩ ይበተንና የሰዎቹን ልብስ ያበላሻል።"

"ሥሩ ይታነቃል እኮ!" አለች፣ ሁሉም እየሰማት።

አንደኛው እንግዳ ሳቀ። "ጎበዝ! ሳይንቲስት!" ብሎ ራሷን ዳበሰና ችግኙን ከነላስቲኩ ጉድጓዱ ውስጥ አስቀምጦ ለካሜራው ፈገግ አለ። ርእሰ መምህሩ ጎንበስ ብሎ "አሳዳጊ የበደለሽ! ሁለተኛ ትንፍሽ እንዳትዪ" አላት። ደሜ ፈላ። "እሷ ናት ትክክል!" ብዬ ጮህኩ። በጭብጨባው መሐል ማን ይስማኝ?

በማግስቱ አካፋዬን ይዤ ሄድኩ። "በሪፖርት ገብቷል፤ አንዱን ብትነኪ ትጠየቂበታለሽ" ተባልኩ። አጥረው ዘበኛ አቁመውበታል። ላስቲክ ለማውጣት ያልተገኘ ሰው ለጥበቃ ተገኘ!

ጥቅምት ላይ ውርጩ ሲወርድ ጥዱም ወይራውም ተቃጠለ። የሚጠበቅ ነገር ስላልነበረ ዘበኛውም ተነሣ። አንዱን ነቅዬ ላስቲኩን ቀደድኩት፤ ሥሩ እንደ ልቃቂት ተጠቅልሎ ደርቋል። ትምህርት ቤታችን በዚያው ሰሞን በአካባቢ ጥበቃ ተመስግኖ ዋንጫ ተሸለመ። እርር ድብን አልኩ።

አባ ዘንድ ብቻዬን ሄድኩ። አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

"እንግዲህ ሰበካውን ምን ብዬ እመክተዋለሁ?" አሉ። ቀጥለውም፣ "ልጄ፣ ችግኙስ ይሁን፣ ሌላ ይበቅላል። ልጅን እውነቱን አሳይቶ በአደባባይ ዝም በይ ማለትን ግን ከየት ነው የተማራችሁት?" አሉኝ።

እኔ አይደለሁም ልል አሰብኩና ተውኩት። ለእሳቸው ትምህርት ቤት ያው አንድ ነው።

መሬቷ ላይ ባሕር ዛፉ ገባ። በዓመቱ መጨረሻ ለብሔራዊ ፈተና ስንከልስ ስለ ሥር ከሚያወራው ምዕራፍ ደረስን። ልጅቱ እጇን አወጣች። ከዚያ ተከላ ወዲህ ጠይቃ አታውቅምና ደስ አለኝ።

"ቲቸር፣ ይኼ ፈተና ላይ ከመጣ የቱን ነው የምንመልሰው? ያስተማሩንን ነው ወይስ የተከልነውን?"

ማንም አልሳቀም። አሽሙርም አልነበረም፤ ነጥብ እንዳያመልጣት የምሯን ነው የጠየቀችኝ።

"ያስተማርኩሽን" አልኳት። እሺ ብላ ጻፈችው።

ፈተናውን በጥሩ ውጤት አለፈች። ምንጩ ከጥቂት በጋ በኋላ ደረቀ፤ እናቷ አሁን ውኃ የምትቀዳው ገደሉን ወርዳ ከወንዙ ነው።