ለንግድ ፈቃድ የተቀመጡት ለቅሶ

ወረታ ላይ፣ ወደ ጎንደር በሚወስደው አስፋልት ዳር ያለው የሩዝ መፈልፈያ በሰው አፍ የፀገነት ይባል እንጂ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ንግድ ፈቃድ የባሏ የገሰሰ ነበር። ገሰሰ መፈልፈያውን በብድር ገዝቶ ተከለና ብድሩን ለማቅለል ብሎ መተማ ወረደ። የሄደው ለአንድ የሰሊጥ ወቅት ነው። እንዲያ ብሎ ወርዶ በጊዜው የተመለሰ ወንድ ካለ ፎገራ ላይ ገና አልታየም፤ እሱም ዓመት ዓመትን እየሳበ እዚያው ቀረ።

የእድሳት ጊዜ ግን ረስቶ አያውቅም። ሐምሌ ሲገባ ማኅተም ያረፈበት የውክልና ወረቀትና የእድሳቱን ክፍያ በፖስታ ቤት ይልካል። ፀገነት ተቀብላ ንግድ ጽሕፈት ቤት ትሄዳለች፣ ፈቃዱን ታሳድሳለች፣ ከዚያ በደረሰችበት ሁሉ "ገሰሰ ደኅና ነው" እያለች ታወራለች። ሌላዋ ሴት የባሏን ፍቅር በናፍቆት ቃል ትለካለች፤ የእሷ ደረሰኝ የሚቆረጥለት ዓይነት ነበር። ቢሆንም አልጎደለባትም።

አንድ ሐምሌ ፖስታው ሳይመጣ ቀረ። ከመተማ የመጣ ሰው ስትጠይቅ አንዱ "ሱዳን ተሻግሯል" ይላታል፣ ሌላው "ካየሁት ቆየሁ" ይላታል። ያን ዓመት ጽሕፈት ቤቱ አዘነላትና በአሮጌው ውክልና አደሰላት። እሷም ነገሩን ዋጥ አድርጋ ያዘችው። በተለይ ከአማቷ ከእማሆይ ወለተ ሚካኤል ደበቀች። እማሆይ ይፋግ አጠገብ ነው የሚኖሩት፤ የይፋግ ገበያተኛ ባገኘች ቁጥር "ገሰሰ ሰላም ብሎዎታል በሉልኝ" ብላ ትልክባቸዋለች። ሐሰት መሆኑን ታውቃለች፤ ግን ሰላምታውን በላከች ቁጥር እሷም ትንሽ ትንሽ ታምነው ነበር።

በሚቀጥለው ዓመትም ፖስታ የለም። ንግድ ጽሕፈት ቤት ስትሄድ ሸዋዓለም የሚባል ከደብረ ብርሃን የተዛወረ ወጣት ሠራተኛ ተቀበላት።

"ከዘንድሮ ጀምሮ ሁሉም ነገር በኮምፒውተር ሆኗል" አላት። "ባለፈቃዱ ራሳቸው መጥተው የጣት አሻራ መስጠት አለባቸው።"

"በፖስታ ቢልክስ?"

"ጣት በፖስታ አይላክም።" ሊያስቃት ፈልጎ ነው፤ ፊቷን ሲያይ አፈረ። "ሞተው ከሆነ የወራሽነት ማስረጃ ያምጡና በስምዎ ይዞራል። ጠፍተው ከሆነ ግን የፍርድ ቤት ጉዳይ ነው፣ ብዙ ጊዜ ይፈጃል። እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ካልታደሰ ደግሞ ይታሸጋል።"

ታኅሣሥ ማለት የፎገራ ሩዝ ታጭዶ፣ ተወቅቶ፣ በጋሪና በአህያ ወደ ወረታ የሚጎርፍበት ወር ነው። የመፈልፈያ ሰው የዓመት ጉርሱን የሚያገኘው ያኔ ነው። በዚያ ወር በሩ ከታሸገ ብድሩ አይከፈልም፣ ብድሩ ካልተከፈለ መፈልፈያው ይወሰዳል፣ ሁለቱ ሴት ልጆቿ ደግሞ ከዚያ ሌላ እንጀራ የላቸውም። ፀገነት እጅ እግሯ ተሳሰረ። ወንድሟን ደሞዝን መተማ ሰደደችው፤ ያልጠየቀው ሰው ሳይኖር ባዶ እጁን ተመለሰ።

በመጨረሻ የዕድሩ ዳኛ አቶ አምባው ቤት ሄዳ እግራቸው ላይ ወደቀች። "ሞቷል ብላችሁ መስክሩልኝ" አለቻቸው።

አቶ አምባው ክንዷን ይዘው አነሷት። "ልጄ፣ ዕድሩ ለቅሶ ያልተቀመጠለትን ሰው ሞተ ብለን እንዴት እንምላለን? ሰው ምን ይለናል?" አሉ። ቆይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ለቅሶ ከተቀመጥሽ ግን የሚጠይቀን የለም።"

ክፉ ሰው አይደሉም፤ የሚያውቁት ሥርዓት ይኸው ነው። ፀገነት ቤቷ ገብታ ከራሷ ጋር ተሟገተች። ገሰሰ በሕይወት ካለ በገዛ እጇ ልትቀብረው ነው። ከሌለ ደግሞ እስከዛሬ ሳታለቅስለት ኖራለች። ወዲህም ብትል ወዲያም ብትል በደለኛ ናት። ልጆቿን እያየች ስትብሰለሰል ሰነበተችና "ድንኳኑን አስተክሉልኝ" ብላ ላከችባቸው።

ድንኳኑ ተተከለ፣ ዕድርተኛው መጣ። ፀገነት ጥቁር ለብሳ ፍራሽ ላይ ተቀመጠች፤ እንባ ግን እምቢ አላት። ሴቶቹ "ደንግጣ ነው" እየተባባሉ አዘኑላት። እኩለ ቀን ላይ እማሆይ በሰው ተደግፈው ደረሱ። ልጃቸውን እየጠሩ ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ተዘረጉ፤ ያን ጩኸት ሰምቶ የቻለ ሰው አልነበረም። ፀገነት አንሥታ፣ አቅፋ ወደ ጓዳ አስገባቻቸው።

"ማን አየው? የት ቀበሩት?" አሏት።

"ማንም አላየውም፣ እማሆይ። መርዶ ያመጣም ሰው የለም። ፈቃዱ አልታደስ ብሎኝ ነው። መፈልፈያው ሊታሸግብኝ ነው።"

"ሰላም ብሎዎታል ያልሽኝስ?"

"የላክሁት እኔ ነኝ።"

እማሆይ ትክ ብለው አዩዋት። ፀገነት እርግማን ጠበቀች፤ ቢረግሟትም በወደደች። እሳቸው ግን አፍንጫቸውን በነጠላቸው ጠርገው በበሩ ክፍተት ወደ ድንኳኑ ተመለከቱ። ልጆቹ ከጎረቤት ሴቶች መካከል ተኮራምተው ያለቅሳሉ።

"በሕይወት አለ ማለት ነው?"

"አላውቅም።"

"ልጆቹስ ይህን ያውቃሉ?"

"አያውቁም።"

"እንግዲያው ወጥተሽ አልቅሽ" አሉ እማሆይ። "ሰዉ እያየሽ ነው።"

እጇን ይዘው አወጧት። ያኔ ፀገነት እንባዋ መጣ፤ ማቆሙ ነው ያስቸገራት።

ኅዳር ላይ ፍርድ ቤት ቀረቡ። አቶ አምባው መሰከሩ። እማሆይ ሳይጠሯቸው "እናቱ እያለሁ ሌላ ማን ያውቃል" ብለው መጥተው ነበርና ማሉ። ዳኛዋ ወጣት ሴት ነች፤ በትሕትና ነው የጠየቀቻቸው።

"ልጅዎ ገሰሰ በሕይወት የሉም?"

"ሞቷል።"

"መቼ ነው የሞቱት?"

እማሆይ ምን በሉ እንደተባሉ የረሱ መሰሉ። በመቋሚያቸው ተደግፈው ጥቂት ቆዩና፣

"ዛሬ" አሉ።

ዳኛዋ ዕድሜ ነው ብላ ወደ አቶ አምባው ዞረች፤ እሳቸውም "በሐምሌ ነው" ብለው አቃኑት፣ ጸሐፊውም ሐምሌ ብሎ ጻፈ። የወራሽነቱ ማስረጃ ሲፈቀድ ፀገነት መፈልፈያዋ መትረፉን አወቀች። እሷው እንደፈጠረችው ከማንም በላይ የምታውቀውን ነገር ግን፣ ከእናቱ አፍ ስትሰማው አመነችው።