ወደ አድ ሃሎም፣ ከነናሙናው

ጠዋት ሮቫ በሚባለው ሰፈራችን ካለው ቤት የወጣነው ሰገራ ይዘን ነው። ማሳመር አልችልበትም። አክስቴ ዘውዴ በአንድ ጋን፣ ማለትም በሕፃናት መዋያ፣ ወጥ ቤት ይሠራሉ። ሰሞኑን ሆዳቸውን ታመው ዳኑ፤ ሳልሞኔላ የሚባለው የሆድ ጀርም እንደሌለባቸው በላብራቶሪ ሳይረጋገጥ ግን ድስት እንዳይነኩ ተባሉ። ይህን ሥራ ካጡ በዕድሜያቸው ሌላ የሚቀጥራቸው የለም። እኔ የሄድሁት ዕብራይስጡን ላስተረጉምላቸው ነው፤ እውነቱን ለመናገር ግን ነገሩ እንዴት እንደሚመረመር ማየት አምሮኝ ነበር።

አክስቴ ሰገራው ያለበትን ዕቃ በፌስታል ላይ ፌስታል ጠቅልለው፣ በነጠላ ሸፍነው ታቅፈውታል። አውቶቡስ ላይ አንዲት የሰፈር ሴትዮ አየቻቸው።

«ዳቦ ነው፣ ዘውዴ? ለብቻሽ ልትበይው!»

«ላንቺ አይሆንሽም» አሉ አክስቴ፣ ዞር ሳይሉ። ሳቄን አፍኜ ልሞት!

ሃኪርያ የሚባለው ፌርማታ ላይ አውቶቡስ ስንቀይር ቡሬካስ የሚሉትን ትኩስ የተጋገረ መክሰስ ገዛሁ። «ይህን ታቅፌ እህል አልቀምስም» አሉኝ። እኔ በላሁ።

አድ ሃሎም የፋብሪካ ሰፈር ነው፤ መጋዘን በመጋዘን። የጭነት መኪኖቹ የእግረኛውን መንገድ ዘግተው ስለቆሙ በአስፋልቱ ዳር እየተሹለከለክን ላብራቶሪው ደረስን።

የተቀበለችን ኢራ የምትባል ባለሙያ ናት። ከመስታወቱ ጀርባ አንድ ማሽን ዶሮና ፈሳሽ ያለበትን ከረጢት ይደበድባል። ምንድን ነው አልኋት።

«የምግብ ናሙና ነው። እንደ ሆድ እያሸ ከፈሳሹ ያዋሕደዋል።»

«የእኛስ? ፈጣን ምርመራ አላችሁ አይደል፣ አሁን ይደርሳል?»

«ነገ።»

«ነገ ነው ፈጣን?»

ሳቀችና አስረዳችኝ። በድሮው መንገድ ጀርሙን በላብራቶሪ ሳህን አሳድጎ መለየት ቀናት ይፈጃል። አዲሱ ማሽን የጀርሙን ጂን አባዝቶ ያገኘዋል። «ጥቂት ከሆነ ግን ማሽኑም ሊስተው ይችላል። ስለዚህ ሌሊቱን ሙቀት ውስጥ እንቀልበዋለን፤ በሕይወት ያለው ይበዛልናል።»

ጠላትን ቀልቦ መያዝ! ወደድሁት። ስተረጉምላቸው ግን አክስቴ ፊታቸው ጠቆረ።

«በረኪናስ ይገድለዋል?» አሉ በአማርኛ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ለምን?»

«ዕቃውን በሱ አሽቼ ነው ያመጣሁት። ማን እንደነካው ምን አውቃለሁ? ቆሻሻ ዕቃ ለሰው ይሰጣል?»

ኢራ አማርኛ ስለማታውቅ አልገባትም። «ይተዉት አክስቴ» አልኋቸው። «በረኪናው ገድሎት ማሽኑ የለም ካለ ሥራዎ ይገባሉ።»

«ዝም በይ፣ አንቺ! የማበላው ሕፃን አይደለም? ንገሪያት!»

ነገርኋት። ኢራ ናሙናውን ጣለችና አዲስ ዕቃ ሰጠችን፤ «እንዳይታጠብ!» ብላ። አክስቴ ውሃ ጠጥተው፣ ግቢውን ዞረው፣ እኔንም ሰድበው፣ በመጨረሻ ተሳካላቸው።

በማግስቱ ሮቫ ቤት ሆነን ተደወለልን። ማሽኑ አግኝቶታል። በሳህንም ያረጋግጡታል፤ እስኪጠራ ድረስ ግን ወጥ ቤት መግባት የለም።

አክስቴ ስልኩን ተቀብለውኝ የጋኑን ኃላፊ ራሳቸው ደወሉላት። «አለብኝ። እስኪለቀኝ አልመጣም። ልጆቹን እዩልኝ። ቦታዬን ግን ለሰው እንዳትሰጪ!» ኃላፊዋ «እናያለን» አለቻቸው። በቃ፣ ይህን ብቻ።

እኔ ሆዱን ያላመመው፣ እጁንም የታጠበ ሰው ንጹሕ ነው እል ነበር። ለካ ጤነኛ መስሎ ተሸክሞት የሚዞር አለ፤ እሱን ለማየት ፈጣኑም መንገድ አንድ ሌሊት ይጠብቃል። አክስቴ ግን ስለ ጀርሙ ምንም አልጠየቁኝም። ወንበራቸው ላይ ሆነው፣ «ነገ የልጆቹን ምሳ ማን ይሠራላቸዋል?» ይላሉ።