አልመነጭም ያለው ኮድ

በዚያን ጊዜ ጎንደር ውስጥ ስካላ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የሚሠራ ሰው ከእኔ ሌላ አላውቅም ነበር። እኮራበት ነበር። ነገር ሲበላሽ ግን የምጠይቀው ሰው አልነበረኝም።

እዚያው ከተማ አራዳ ውስጥ የከብት መድኃኒት በጅምላ ለሚሸጡ አንድ ሐጂ የዕቃ መመዝገቢያ ፕሮግራም እሠራ ነበር። ስለ እያንዳንዱ መድኃኒት ምን ምን እንደሚመዘገብ እሳቸው በራሳቸው ኮምፒውተር ይዘረዝራሉ፤ እኔ ዝርዝሩን በፍላሽ እወስዳለሁ። ቢልድ ሳደርግ፣ ማለትም ፕሮግራሙን ስገነባ፣ የሠራኋት ማመንጫ ዝርዝሩን አንብባ የስካላውን ኮድ ራሷ ትጽፋለች። ስትሠራ ደስ ትል ነበር።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት ሐጂ ዝርዝሩ ላይ «ማብቂያ ቀን» የሚል ጨመሩ። ቅዳሜ ወደ አምባ ጊዮርጊስ የሚሄድ ጭነት አላቸው። «ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት ሸጬለት በጉ ቢሞትበት፣ ገበሬውን በምን ዓይኔ አየዋለሁ?» አሉኝ። ለዓርብ አደርሳለሁ ብዬ ቃል ገባሁ።

ቢልድ አደረግሁ፤ ማብቂያ ቀን የለም። ደገምኩ፤ የለም። ዝርዝሩን ስከፍተው ግን ቁጭ ብሏል! ስህተት አለ እንኳ አይለኝም፤ በአረንጓዴ «ተሳክቷል» ይላል። ደሜን ያፈላው ያ አረንጓዴ ነው። ቢልዱን ባጸዳም ለውጥ የለም፤ ማመንጫዋ የምትጽፈውን በእጄ ከጻፍኩት ጋር አንድ ፎልደር ስላደረግሁት ማጽጃው አይነካውም። የስካላን አዲስ ስሪት ላውርድ ብል ኢንተርኔቱ ግማሽ ላይ ቀጥ አለ። ዓርብ ጠዋት ሐጂ ጋ ደወልኩና ጮኽኩባቸው።

«ፋይሉን ምን አድርገውት ነው?»

«ከጻፍኩት በቀር ምንም አልነካሁ፣ ልጄ።»

ስልኩን ጆሯቸው ላይ ዘጋሁት።

ከሰዓት በኋላ ተስፋ ቆርጬ ፋይሉ የተጻፈበትን ሰዓት አየሁ። ሐሙስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ያስጻፍኳቸው ዝርዝር፣ ላፕቶፔ ላይ በፈረንጅ አቆጣጠር የጠዋት ዘጠኝ ሆኗል። የእኔ ማሽን የሚሄደው በፈረንጅ ሰዓት፣ የሳቸው በሐበሻ! ማመንጫዋ ደግሞ ዝርዝሩ ቀድሞ ከጻፈችው ኮድ የቆየ ከመሰላት አዲስ ነገር የለም ብላ ታልፋለች፤ የቀድሞውን ኮድ ያመነጨሁት ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ ነበር። ዝርዝሩን ከፍቼ እንደገና ሴቭ ሳደርገው ሁሉም በአንድ ደቂቃ አለቀ።

ላፕቶፔን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ እየተንደረደርኩ አራዳ ደረስኩ። ሰላምታ እንኳ ሳልሰጥ፣ «የኮምፒውተሩን ሰዓት ማን ነው የነካው?» አልኩ።

«ምነው ልጄ፣ አንተው አይደለህ?» አሉ ሐጂ። «ያመጣህልኝ ቀን ሰዓቱ ግራ አጋባኝ ብልህ፣ ወዲያው በእኛ አደረግህልኝ።»

እውነታቸውን ነው። እኔው ነኝ። አፈርኩ።

መጋዘኑ በር ላይ ካርቶኑ ሁሉ ተከፍቶ ነበር። ከስልኬ በኋላ ፕሮግራሙ አይደርስም ብለው፣ ሐጂና ባለቤታቸው፣ ለጁምዓ ሰላት ብቻ አቋርጠው፣ ጠርሙሱን አንድ በአንድ እያነሱ ቀኑን ሲያነቡ ውለዋል። አንድ ካርቶን ለብቻው ተገልሏል። ከእሱ አንዱን ጠርሙስ አንስቼ አነበብኩት፤ ካለፈበት ሁለት ወር ሆኖታል።

ላፕቶፔን ከቦርሳዬ አላወጣሁም።