ፊት ያጠቆሩ ነጋዴዎች ምዝገባ

ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ በነበሩት ወራት መርካቶ ውስጥ ሰው ግራ ቀኙን ሳያይ አያወራም ነበር። እኔ ያኔ ሰባተኛ በሚባለው ሰፈር በአንዲት ጠባብ የፎቶ ኮፒ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ፤ ማመልከቻና ውል እጽፋለሁ። ቀበሌው ነጋዴውን በየሳምንቱ ስብሰባ ይጠራል። የቀረ ለምን እንደቀረ ይጠየቃል፣ የመጣም ለምን እንዳላጨበጨበ ይጠየቃል።

ከጎናችን የሚሠራ አንድ ልብስ ሰፊ ጓደኛ ነበረኝ። የቀበሌውን ሊቀመንበር ድምፅ ሲያስመስል ዓይኑን የጨፈነ ሰው አይለያቸውም። «በዚህ አጋጣሚ ላሰምርበት የምፈልገው ነገር ቢኖር» ብሎ ሲጀምር እንባዬ እስኪወርድ እስቃለሁ።

አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ «ለምን እኔና አንቺ ብቻ እንስቃለን?» አለኝ። «ሰው አንዴ በቀበሌ ሹሞቹ ከሳቀ ፍርሃቱ ይለቀዋል።»

አመንኩት። በቢሮ ቋንቋ ማስታወቂያ ጻፍኩ፦ «ፊታቸውን አጥቁረው የሚታዩ ነጋዴዎች ምክንያታቸውን እንዲያስመዘግቡ፣ ምክንያት የሌላቸውም ከዛሬ ጀምሮ ፈገግ እንዲሉ በጥብቅ እናሳስባለን።» እሱ ደንበኛ እንዲያሳጥርለት የተወለትን ሱፍ ለበሰ፣ ያባዛኋቸውን ማስታወቂያዎች ክላሰር ውስጥ አድርጎ ያዘ። እኔ ደብተር ይዤ እንደ ጸሐፊው ከኋላው ሆንኩ። ማንም ወደማያውቀን ወደ ሸማ ተራ ሄድን።

መጀመሪያ የገባነው ነጠላ የሚሸጥ አንድ ወፍራም ሰውዬ ጋ ነው። ማስታወቂያው ሲነበብለት ይስቃል ብዬ ስጠብቅ ሰውየው ከመቀመጫው ተነሳ።

«እኔ እንኳን ፊቴ ጠቁሮ አያውቅም ጌታዬ፤ አፈጣጠሬ ነው» አለና ጥርሱን አሳየን። አንድ ማስታወቂያ ትተንለት እስክንወጣ ድረስ ጥርሱን አልከደነም።

የጓደኛዬን ክንድ ሳብ አደረግኩ። «እንመለስ» አልኩት በሹክሹክታ።

«ቀጣዩ ቀልዱ ይገባዋል» አለኝ።

ቀጣይዋ ጋቢ የሚሸጡ እናት ነበሩ። ጓደኛዬ በዚያው በሊቀመንበሩ ድምፅ፣ «እትዬ፣ ፊትዎ ለምን እንደጠቆረ ያስረዱን» አላቸው።

የያዙትን ጋቢ አስቀመጡ።

«ልጄ ታስሮ ነው። በነጠላ ጫማ ነው የወሰዱት። የት እንዳለ የሚነግረኝ አጣሁ።» ደብተሬን አዩት። «እባክሽ ስሙን መዝግቢልኝ።»

ጓደኛዬ ክላሰሩን ዘጋ። ቀልድ ነው ብንላቸው ምን ይሰማቸዋል? አዎ ብለን ብንሄድስ? ሌላ የማደርገው ስላጣሁ መጻፍ ጀመርኩ። ስሙን፣ ዕድሜውን፣ የተወሰደበትን ቀን ጻፍኩ።

«ምንድን ነው የምትመዘግቡት?»

ዞር ስል የቀበሌው ታጣቂ ክላሹን እንዳንጠለጠለ በሩ ላይ ቆሟል።  ጓደኛዬ ክላሰሩን ደረቱ ላይ ለጥፎ ይዞታል። ክላሰሩ ውስጥ የቀሩት ማስታወቂያዎች አሉ። ቢከፍተው አለቀልን።

«እኔ ነኝ ያስጠራኋቸው» አሉ እትዬ። «ማመልከቻ ጸሐፊዎች ናቸው። ስለ ልጄ እንዲጽፉልኝ ነው።»

ታጣቂው ደብተሩን ከእጄ ነጠቀና አነበበ። የተጻፈው የልጁ ነገር ብቻ ነበር። ሱፍ የለበሰውን ጓደኛዬን ከላይ እስከ ታች አየው። ጓደኛዬ ዞር ብሎ አላየውም።

«ማመልከቻ ቢሮ ነው የሚጻፈው» አለና ደብተሩን ወርውሮልኝ ሄደ።

እትዬ እስኪርቅ ጠበቁ። «መጀመሪያ አምኜ ነበር» አሉ፤ «ኋላ ነው ሱሪው ላይ የልብስ ሰፊ ጠመኔ ያየሁት።» አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ማስታወቂያዎቹን ያንኑ ቀን ቀዳደን መጸዳጃ ቤት ጣልናቸው፤ ጽሑፉንም ከኮምፒውተሩ አጠፋሁ። አንዱ ግን ነጠላ ነጋዴው ጋ ቀርቷል፤ ሄዶ የሚጠይቅ ደግሞ ከሁለታችን አልተገኘም። በሩ በተከፈተ ቁጥር እደነግጣለሁ። ሳምንት ሳይሞላ የሰባተኛ ተሸካሚዎች «ፊትህን አስመዘገብክ?» እየተባባሉ ሲሳሳቁ ሰማሁ። ጓደኛዬ የፈለገው ይኸው ነበር፤ እኔ ግን በሰማሁት ቁጥር ብርድ ብርድ ይለኛል፤ ማነው የጻፈው የሚል ሰው ይመጣል ብዬ። ጓደኛዬም የስፌት መኪናውን ጭኖ ሌላ ሰፈር ገባ። ለምን እንደሄደ ለማንም አልነገረም።

ማመልከቻውን በደንብ አድርጌ ጽፌ ለእትዬ ሰጠኋቸው። ይዘውት የት የት እንደዞሩ አላውቅም። ልጁ ከሁለት ወር በኋላ ከብዙዎች ጋር ተፈታ፤ በማመልከቻው ይሁን በሌላ እንጃ። የዚያን ሰሞን አንድ ከሰዓት እትዬን ፎቶ ኮፒ ቤቱ በር ላይ ቆመው አየኋቸው፤ አጠገባቸው የከሳ ወጣት አለ። ቤቱ በደንበኛ ስለተሞላ ምንም አላሉኝም፣ አንገታቸውን ብቻ ነቅነቅ አደረጉ። እኔም ማን እያየኝ እንደሆነ ስላላወቅሁ ብድግ ብዬ ሰላም ሳልላቸው መተየቤን ቀጠልኩ።