ፍሉድ የተቀባው ቅጽ

የሆስፒታሉ ካርድ ክፍል ጸሐፊ የአባቴን ስም አሳስታ ጽፋ ኖሮ በፍሉድ አጠፋችው። ያ ራስ የሚያዞር ሽታ አሥረኛ ክፍል የጨረስኩበትን ክረምት አመጣብኝ።

ሐኪም ለመሆን ስለቆረጥኩ የትምህርት መስክ መምረጫ ቅጹ ላይ "የተፈጥሮ ሳይንስ" ብዬ ሞልቼ ነበር። በባዮሎጂ ከክፍላችን የሚቀድመኝ አልነበረም። ቄሱ አባቴ ግን ከቅዳሴ መልስ መስቀላቸውን እንደያዙ ትምህርት ቤት መጡና ቅጹን አዩት።

"መምህር፣ ማኅበራዊ ያድርጉልኝ" አሉ።

"አባታችን፣ ልጅቷ እኮ ጎበዝ ናት!"

"ሐኪምነት ሩቅ ነው። እንግዳው ግን ላሊበላ ብሎ ደጃችን ድረስ ይመጣል። ታሪክ ተምራ ታስጎብኝ።"

ነገሩ ግማሹ ትእዛዝ፣ ግማሹ ምርቃት መሰለኝ። መምህሩ ፍሉዱን ሲቀባ ቶሎ እንዲደርቅ እፍ ያልኩበት እኔው ነኝ።

ታሪክ ተማርኩ። አስጎብኚ በሆንኩ በዓመቱ ጦርነቱ መጣ፣ እንግዳውም ቀረ።

ዛሬ በዕድሜ እኔን የምታህል ሐኪም የአባቴን ልብ አዳምጣ ስትጨርስ መስቀላቸውን አሳለሟት። ከዚያ በአገጫቸው ወደ እኔ ጠቆሙ።

"ይቺም እንዳንቺ ትሆን ነበር፣ ልጄ" አሏት። "እምቢ ብላኝ ነው እንጂ።"