ፋይሌን የከፈተው ማን ነው?

የኮምፒውተር ክፍሉ ቁልፍ ክረምቱን እኔ ጋ እንዲቆይ ተወሰነ። ዛሬ ጠዋት ሰልፍ ላይ ቲቸር ይህን ሲናገሩ የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ።

የትምህርት ቤታችን ኮምፒውተሮች አርጅተው ነበር፤ ሊኑክስ የሚባለው ቀላል ሥርዓት ከተጫነባቸው ወዲህ ነው ነፍስ የዘሩት። ማውስ የለም፣ ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍ ብቻ። ቲቸር ገና በጥር፣ በዚያ ስክሪን ላይ ፋይል ከፍቶ፣ አርሞ፣ አስቀምጦ የሚወጣ ተማሪ ከተገኘ ቁልፉን እንደሚሰጡት፣ ካልተገኘ ክፍሉ እስከ መስከረም እንደሚዘጋ ነግረውን ነበር። እኛ ቤት ኮምፒውተር የለም። ያ ቁልፍ ለእኔ ሙሉ ክረምት ማለት ነበር።

መጀመሪያ ናኖ የሚባለውን የጽሑፍ ማረሚያ ፕሮግራም ለመድኩ። ናኖ ደግ ነው፤ መውጫውን ከታች ጽፎ ያሳያል። ሁለተኛው ማረሚያ ቪም ግን ኩሩ ነው፤ «አይ» የምትባለዋን የእንግሊዝኛ ፊደል ካልነኩለት ጽሑፍ አይቀበልም። እሷን ደረስኩባት፤ መውጫው ግን ጠፋኝ። መጠየቅ ስላፈርኩ ሰዓቱ ሲያልቅ የኮምፒውተሩን ማጥፊያ ተጭኜ ውልቅ እል ነበር።

በሳምንቱ ፋይሌን ስከፍት የጻፍኩት የለም። በምትኩ፣ ፋይሉን ሌላም ከፍቶ እያረመው ሊሆን ይችላል የሚል ማስጠንቀቂያ መጣ። ማንን ልጠርጥር? አጠገቤ የምትቀመጠውን ጓደኛዬን። ቁልፉን እሷም ትፈልገዋለች። በሰው ፊት፣ ፋይሌን ያጠፋሽው አንቺ ነሽ አልኳት። እሷም ፊቷ ቀልቶ፣ እንግዲያው አውጫጭ ይቀመጥልኝ አለች።

ክፍሉ ይህን ወደደ። ከብት ሲጠፋ ሽማግሌዎች መንደሩን ሰብስበው አንድ በአንድ እንደሚጠይቁት፣ በምሳ ሰዓት በክብ ተቀመጥን። አንዱ ልጅ መጥረጊያ ተመርኩዞ ሽማግሌ ሆነ። አላየሁም፣ አልሰማሁም እየተባለ ዞሮ እኔ ጋ ደረሰ።

«አንቺስ፣ ልጄ፣ ባለፈው እንዴት ዘግተሽው ወጣሽ?»

«ማጥፊያውን ተጭኜ።»

ጓደኛዬ ተነሥታ ማስጠንቀቂያውን እስከ ታች አነበበችው። እኔ ከላይ ሁለት መስመር አይቼ ነው የተቆጣሁት። ፋይሉን የከፈተው ሰው መጠሪያ የእኔው ነው፤ ቀኑም ማሽኑን ያጠፋሁበት ማክሰኞ። ጽሑፌም የጠፋው ሳላስቀምጠው ስላጠፋሁ ነው።

«ጣሪያ ቀደሽ ወጥተሽ፣ ቤቴን ማን ደፈረው ትያለሽ?» አለችኝ። ሽማግሌው ሳይቀር ሳቀ።

ፍርዱ ቀላል አልነበረም፦ ይቅርታ መጠየቅና መውጫውን አጥንቼ ለሁሉም ማሳየት። ይቅርታውን እዚያው ጠየቅኩ። መውጫውን ግን ከእሷው ጋር ፈለግነው፤ ኢስኬፕ፣ ሁለት ነጥብ፣ ደብሊው፣ ኪው፣ ኢንተር በተራ መጫን ነው። ለክፍሉ ልጆች በየተራ ሳሳይ ጣቶቼ ራሳቸው አወቁት። ትናንት ቲቸር አጠገቤ ቆመው ሲፈትኑኝ ገባሁ፣ አረምኩ፣ አስቀመጥኩ፣ ወጣሁ።

እንግዲህ ኑ። ክረምቱን ማክሰኞና ሐሙስ እከፍታለሁ፤ ከሞላሌ ገበያ ስትመለሱም ቢሆን ጭቃችሁን በር ላይ ጠርጋችሁ ግቡ። ሩቅ ያላችሁ ደግሞ ባገኛችሁት ማሽን ላይ ቪምን ክፈቱና አንድ መስመር ጻፉ። እዚህ መጥቶ መውጣት ያቃተው ሁለተኛው ወንበር ላይ ያለችውን ጓደኛዬን ይጠይቃት፤ መጀመሪያ ትሰድበዋለች፣ ከዚያ ታሳየዋለች።