አፉን የዘጋ ሳቅ

ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ የሐዘን ልብስ ልታቀልም ግቢ ውስጥ ትልቅ ድስት ጥዳ ነበር። የጥቁር ቀለም እንፋሎት ሸቶህ ያውቃል? ብረት ብረት ይላል፤ ጉሮሮ ላይ ይቀመጣል። መስኮቱን ልዘጋ ተነሳሁና ሳልዘጋው ቆሜ ቀረሁ። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሳለሁ አስመራ፣ ገጀረት ውስጥ፣ ከአንድ ጣልያን ቪላ ጀርባ የነበረችው ሁለት ክፍል ቤታችን እንዲህ ነበር የምትሸተው። አባቴ የሞተ ዓመት ነው።

አባቴ መደበር በሚባለው የአስመራ የብረት ሠሪዎች ገበያ ውስጥ አሮጌ በርሜል እየቀጠቀጠ ምድጃና ባልዲ ይሠራ ነበር። በዐቢይ ጾም በአምስተኛው ሳምንት ሦስት ቀን ታመመና ሄደ። ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ፣ «ጾሙን እንደያዘ ነው የሞተ፤ የታደለ!» ይል ነበር። ይህን ማጽናኛ ከሁሉ አብልጣ የያዘችው ታላቅ እህቱ ናት። በእኛ ቋንቋ የአባት እህት ኣሞ ትባላለች፤ እኔም ኣሞይ እላታለሁ። እናታቸው ቀድማ ስለሞተች አባቴን ያሳደገችው እሷ ናት። ቃሓውታ ከሚባለው ሰፈሯ በእግሯ እየመጣች፣ ደረቷን በነጠላዋ አስራ፣ «ወንድሜ ጾሙን አልፈታም» ትልና ታለቅሳለች። ሌላ የሚያጽናናት ነገር አልነበራትም።

እናቴ ሰው ቤት ያደገች የሙት ልጅ ነበረች። ዘመዴ የምትለው የአባቴን ወገን ብቻ ነው። በእኛ ዘንድ ደግሞ ባሏ የሞተባት ሴት የዓመቱ ተዝካር እስኪወጣ አትስቅም። የትም አልተጻፈም፤ ግን ሰው ሁሉ ይጠብቃታል። ሳቀች ከተባለ የባሏ ዘመዶች በተዝካሩ ቀን አጠገቧ አይቀመጡም። ያን ቀን ለብቻዋ የተቀመጠች መበለት፣ ምን ልበልህ፣ ከዚያ በኋላ ቤተሰብ የላትም። እናቴ ይህን ስለምታውቅ ሰባት ወር ሙሉ ፊቷን እንደ በር ዘግታ ኖረች። እኔም ሳቋ እንዴት እንደነበረ እየረሳሁ መጣሁ፤ እውነቱን ልንገርህ፣ ይህ ከአባቴ ሞት ባልተናነሰ ያስፈራኝ ነበር።

የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ህንዳዊ ነበር፤ ኮቱ ጠመኔ ጠመኔ ይሸታል። አንድ ሕግ ነበረው፦ በዓይናችሁ ያላያችሁትን አትጻፉ። አዲስ ቃል ሲያስተምረን ሳምንት ይሰጠንና ነገሩን ቤታችን ውስጥ፣ መንገድ ላይ፣ ፌርማታ ላይ ፈልገን፣ አይተን፣ ዓረፍተ ነገር ሠርተን እንመጣለን።

አንድ ቀን «ቻክል» የሚል ቃል ጻፈ። የሳቅ ዓይነት ነው አለን። ያኔ የትምህርት ቤቱ ቋንቋ አማርኛ ነበርና በአማርኛ ፈለግን፤ መንከትከት አልን፣ ማሽካካት አልን፣ መገልፈጥ አልን። አንዳቸውም አልሆኑም። «ፈገግታ ነው?» አለች አንዷ። የለም፣ ይሄኛው ድምፅ አለው። «እንግዲያው ሳቅ ነዋ!» የለም፣ አፍ አይከፈትም። ሲጨንቀው ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ በመስኮቱ ውጪ ውጪውን አየ፤ ምን እንዳስታወሰ እንጃ፣ ትከሻው ተነቃነቀና ከአፍንጫው ትንሽ ድምፅ ወጣች። እኛ በሳቅ ፈረስን። ጸጥ ስንል፣ ይህ ለሰው የሚያሳዩት ሳቅ አይደለም፣ ለራስ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሰውን ሲያስታውሱ ይመጣል አለን።

በዚያው ሳምንት እናቴ የአባቴን የሥራ ኮት ልታጥብ ከሳጥን አወጣች። ዝገትና ከሰል ይሸታል። ኪሶቹን ስትፈትሽ ከውስጥ ኪስ በዘይት የወዛ ወረቀት አገኘች። ስትፈታው የፎርማጆ ቅርፊት ነው፤ የጣልያን አይብ፣ ደርቆ ድንጋይ የሆነ። ጥርስ አርፎበታል። በጥርሱ ምልክት መሐል ክፍተት አለ፤ አባቴ ደግሞ የፊት ጥርሱ ፍንጭት ነበር። ኮቱ በዚያ ጾም የለበሰው ነው። እኛን ወተት በጣታችሁ ነካችሁ ብሎ ሲቆጣን የከረመ ሰው፣ መደበር ውስጥ በርሜሉ ኋላ ተደብቆ አይብ ይግጥ ነበር ማለት ነው!

እናቴ ቅርፊቱን በመዳፏ ይዛ ቆየች። ከዚያ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። የምታለቅስ መስሎኝ ልሄድ ስል ያቺ ድምፅ ከአፍንጫዋ ወጣች። ከንፈሯ እንደተዘጋ ነው፤ ዓይኗ ግን ያ የድሮው ዓይኗ ነበር። ስታየኝ ደነገጠች። «ስለ ፎርማጆው ለማንም እንዳትናገሪ» አለችኝ።

አልተናገርኩም። እኔ ሞኟ የከለከለችኝ ፎርማጆውን ብቻ መስሎኝ፣ እናቴ የሟች አባቴን ኮት ይዛ ቻክል አደረገች ብዬ ጻፍኩ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ እናቴ ተመልሳ መጥታለች ብዬ ለአንድ ሰው መንገር አማረኝ። አስተማሪው ወደደውና ለክፍሉ አነበበው። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አብራን የምትማረው የጎረቤታችን ልጅ ለእናቷ ተረጎመችላት፤ ያቺ ቃል ትግርኛ ስታጣ በደፈናው «ሳቀች» ሆነች። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ኣሞይ ወሬው ደርሷት በራችን ላይ ቆመች።

ተቀመጪ ስትባል አልተቀመጠችም። ሻሂም አልነካችም። እናቴን አልፋ እኔን አየችኝ።

«ስሒቓ ድያ?» አለችኝ። ሳቀች ወይ ማለቷ ነው።

አስተማሪው እንዳስረዳን ላስረዳ ሞከርኩ። አፍ የማይከፈትበት፣ ለራስ የሚሳቅ...

«እንታይ ኣስሓቓ?» አለች። ምን አሳቃት?

እናቴን አየኋት። ነገሩን ብትናገር ነጻ ትወጣ ነበር። እሷ ግን አንገቷን ደፍታ፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ልጅቷን ተያት» አለች። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። የአባቴን ጾም ለእህቱ ጠብቃ የራሷን ስም ልትሰጥ ነው። በተዝካሩ ቀን ብቻዋን ልትቀመጥ ነው።

አልቻልኩም። ሮጬ ቅርፊቱን ከነወረቀቱ ከሳጥኑ አምጥቼ በኣሞይ እጅ ላይ አኖርኩት። «ከኮቱ ኪስ ነው» አልኩ። እናቴ «ዋይ ጓለይ»፣ ወይኔ ልጄ፣ ብላ ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

ኣሞይ ቅርፊቱን ወደ በሩ ብርሃን አዞረችው። ጥርሱን አየችው። በዚያ መሐል ባለው ክፍተት ላይ የጣቷን ጫፍ አስገባች። ከውጪ አንድ መኪና ጥሩምባ እየነፋ ሲያልፍ ሰማሁ። ያቺን ማጽናኛዋን ቀማኋት ብዬ ፈራሁ።

ትከሻዋ ተነቃነቀ። ከአፍንጫዋ ያቺ ድምፅ ወጣች።

«ይሄ ሌባ!» አለች በትግርኛ። «በሕፃንነቱም በጾም ከቅሉ ወተት እየሰረቀ ይጠጣ ነበር። የተገረፍኩት እኔ ነኝ።» አፏን በነጠላዋ ከደነች፤ ሳቁም ሳያልቅ ወደ ልቅሶ ዞረ። እናቴ ተነስታ አቀፈቻት። ሁለቱም ወለሉ ላይ ተቀመጡ፤ የቱ ሳቅ የቱ ልቅሶ እንደሆነ መለየት አቃተኝ።

ስትሄድ ቅርፊቱን በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው። «እንግዲህ ስሙኝ» አለች፤ «ወንድሜ ጾሙን እንደያዘ ነው የሞተ። አንቺም፣ ሓፍተይ፣ እህቴ፣ አልሳቅሽም።» እናቴ «እወ» አለች፣ አዎ።

በተዝካሩ ቀን ኣሞይ የእናቴን ክንድ ይዛ አጠገቧ ተቀመጠች፤ ቀኑን ሙሉም አልተነሳችም። ጎረቤቶቻችን አዩ፤ ወሬውም ቆመ።

እኔ ግን የከፈልኩት ነገር አለ። ከዚያ ወዲያ እናቴ እኔ ባለሁበት ስትስቅ መጀመሪያ ታየኝ ነበር። ክፉ አስተያየት አይደለም፤ ብቻ ታየኝና ሳቋን ታሳጥረዋለች። ሐዘኑ ካለፈ በኋላም፣ እስከ ሞተችበት ቀን ድረስ ይህ ልማድ አልተዋትም። ይህ እስከ ዛሬ ያመኛል።

ተዝካሩ ካለፈ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ከትምህርት ቤት ስመለስ የውስጠኛው ክፍል በር ተዘግቶ ነበር። ኣሞይ መጥታለች። በትግርኛ ቀስ ብለው የአባቴን ስም ያነሳሉ፤ ከዚያ ያቺ አፏን የዘጋች ድምፅ ትመጣለች፤ አንዴ ከአንዷ፣ አንዴ ከሌላይቱ። ገብቼ በመሐላቸው ብቀመጥ እንዴት ደስ ባለኝ። እጄን በሩ ላይ አድርጌ ቆየሁ። ብገባ እንደሚያቆሙ አውቄአለሁ። ጫማዬን አውልቄ፣ እንዳይሰሙኝ፣ ወደ ግቢው ወጣሁ።